ፊቱ ጥርብ፣ ጎኑ ካብ፦ ስለ ስታምፎርድ የድንጋይ ቤቶች ለቀረቡ የአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ በአንዲት የእንግሊዝ የገበያ ከተማና በአካባቢዋ ስለሚገኙ የድንጋይ ቤቶች የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ

«የምኖረው ፒተርቦሮ ነው። ዕረፍት ሳገኝ በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ ተጉዤ ስታምፎርድ የምትባለውን ከተማ እጎበኛለሁ። መሀል ከተማዋ ከሞላ ጎደል ሁሉም ድንጋይ ነው። ከቤቶቹ አንዱ ግን ደጋግሜ ባየውም ሊገባኝ አልቻለም። በመንገዱ በኩል ያለው ፊቱ ምላጭ የማያስገባ ጥርብ ድንጋይ ሲሆን፣ በጎኑ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ስገባ ግድግዳው እንደ እርሻ ዳር ካብ ነው፤ በጓሮው በኩል ደግሞ የእንጨት ቋሚና አግዳሚ ይታያል። በላይኛው ፎቅ ካሉት አምስት መስኮቶች አንዱ መስታወት የለውም፣ ድንጋይ ነው። አንድ መንገደኛ ‹ከመስኮት ግብር ለመሸሽ ደፍነውት ነው› አሉኝ። ይህ አንድ ቤት ነው ወይስ የተለያዩ ቤቶች ተጣብቀው? ወይስ ባለቤቱ ሳይጨርሰው ገንዘብ አልቆበት ይሆን?» ወ/ሮ ሰ.፣ ከፒተርቦሮ

መልስ

ገንዘብ አላለቀበትም፤ ገንዘቡን ሰው በሚያይበት በኩል አውሎት ነው እንጂ። ወ/ሮ ሰ. ያዩት ቤት አንድ ቤት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ዘመን የተሠራ አይደለም። ስታምፎርድን የሚጎበኝ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሳው ፊቱን ስለሆነ፣ መተላለፊያው ውስጥ ገብተው ጎኑን በማየትዎ ከብዙዎቹ ጎብኚዎች የበለጠ አይተዋል ለማለት እንደፍራለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከቦታው አከፋፈል ነው። በመካከለኛው ዘመን ለነጋዴውና ለባለ እጁ የሚሰጠው የከተማ ይዞታ በመንገዱ በኩል ጠባብ፣ ወደ ጓሮው ግን እንደ መቀነት ረጅም ነበር፤ ሁሉም የገበያውን ፊት ስለሚፈልግ ለሁሉም ቁራጭ ቁራጭ ደረሰው ማለት ነው። በዚያ ላይ የሚቆመው ቤት ብዙውን ጊዜ ከእንጨት የተሠራ ነበር። ወፍራም የኦክ ቋሚዎችና አግዳሚዎች ይተከሉና ክፍተቱ በጭራሮ ተጠልፎ፣ በገለባ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ የእነርሱ ቋሚ አፈር ውስጥ የሚቀበር ሳይሆን በድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደመ እንጨት ላይ የሚያርፍ መሆኑ፣ መጋጠሚያውም በምስማር ሳይሆን በእንጨት ችንካር መያዙ ነው። በጓሮው በኩል ያዩት የዚያ ቤት ቅሪት ነው።

ከዚያ በኋላ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ ገንዘብ አገኘች። ከለንደን ተነስቶ በዮርክ በኩል እስከ ኤዲንብራ የሚዘልቀው ታላቁ የሰሜን መንገድ በመሀሏ ያልፍ ስለነበር፣ ሠረገላ ፈረስ የሚቀይረው፣ መንገደኛውም አድሮ የሚነሳው እዚያ ነበር። ጆርጅ የተባሉ አራት ነገሥታት ከ1714 እስከ 1830 ተከታትለው ስለነገሡ «ጆርጅያን» የሚባለው የሥነ ሕንፃ ስልት የገባው በዚሁ ዘመን ነው። ስልቱ ከጥንታዊት ሮም ሕንፃዎች፣ በተለይም የጣልያኑ አርክቴክት ፓላዲዮ እነርሱን ከተረጎመበት መንገድ የተቀዳ ሲሆን፣ የሚፈልገው ሚዛን ነው፦ በሩ መሀል፣ መስኮቶቹ በግራና በቀኝ እኩል፣ የላይኛው በታችኛው አናት ላይ በቀጥታ መስመር። ለዚህ ዓይነቱ ዓይን እንጨቱ የሚታይ ጎባጣ ቤት የሚያሳፍር ነገር ሆነ። አሮጌውን አፍርሶ እንደ አዲስ ከመሥራት ግን አሮጌውን አዲስ ልብስ ማልበስ ይረክሳል፤ ብዙ ሐኪሞች፣ ጠበቆችና ነጋዴዎች ያደረጉትም ይህንኑ ነው። የመንገዱን ፊት አፍርሰው በጥርብ ድንጋይ ሲገነቡት፣ ጎኑንና ጓሮውን እንዳለ ተዉት።

ጥርቡ ድንጋይ ራሱ የግድግዳው ሙሉ ውፍረት እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። ከጀርባው ያልተጠረበ ድንጋይ በኖራ ተይዞ ይቆማል፤ ሁለቱን የሚያያይዙት አልፎ አልፎ ወደ ውስጥ የሚዘልቁ ማሰሪያ ድንጋዮች ናቸው። ጠራቢው የሚታየውን ገጽ አለስልሶ፣ ጠርዙን አስተካክሎ፣ ድንጋዮቹ ሲነባበሩ በመካከላቸው ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የኖራ መስመር ብቻ እንዲቀር ያደርጋል። ዋጋው ያለው እዚህ ልፋት ላይ ስለሆነ፣ ማንም በማያየው መተላለፊያ ላይ የሚያወጣው ባለቤት አልነበረም።

ድንጋዩ የተገኘው ከሩቅ አይደለም። ከተማዋ የተቀመጠችው በኖራ ድንጋይ ላይ ነው፤ የኬተንና የባርናክ የድንጋይ ካባዎችም ከሰባት ኪሎ ሜትር አይርቁም። በሚቀጥለው ጉዞዎ ከአንድ ጥርብ ግድግዳ ፊትዎን በአንድ ስንዝር ርቀት አድርገው ይመልከቱት፤ መንገደኛ ቢታዘብዎ ግድ የለም። ድንጋዩ ከኬተን ወይም ከመሰሎቹ ካባዎች የወጣ ከሆነ፣ እንደ ዓሣ እንቁላል ጥቃቅንና ክብ በሆኑ ፍሬዎች የተሞላ ሆኖ ያገኙታል። እነዚህ ፍሬዎች ከ170 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በሞቃትና ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ ሲንከባለሉ በኖራ እየተሸፈኑ የተድቦለቦሉ ናቸው። ድንጋዩ በማንኛውም አቅጣጫ ሳይሰነጠቅ እንዲጠረብ ያደረገው ይኸው እኩል የሆነ ውስጠ አካሉ ነው። ሻካራና የቀንድ አውጣ ዛጎል ስብርባሪ የሚታይበት ከሆነ ግን የባርናክ ድንጋይ ሳይሆን አይቀርም። እርስዎ በሚኖሩበት በፒተርቦሮና በኢሊ ያሉት ካቴድራሎች የተገነቡት በዚህ ነው፤ ካባው ግን በ1500 ገደማ ተሟጦ አልቋል፤ ዛሬ ቦታው ሣር የለበሰ ጉብታና ጉድጓድ ብቻ ነው። ስለዚህ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፊት ላይ የባርናክ ድንጋይ ቢያገኙ ከፈረሰ አሮጌ ሕንፃ ተነቅሎ የመጣ ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ድፍኑ መስኮት እንምጣ። የመስኮት ግብር እውነት ነው፤ በ1696 ተጥሎ በ1851 የተነሣ ሲሆን፣ ግብሩን ለመቀነስ መስኮቱን ያስደፈነ ሰውም አልጠፋም። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር ድፍን መስኮት በታየ ቁጥር ይህ ምክንያት ይጠራል፤ የእኛ ጥርጣሬ ደግሞ ከሚጠራበት ጊዜ ብዙውን የተሳሳተ እንደሆነ ነው። የእርስዎ ቤት አሮጌ ገላ አዲስ ልብስ የለበሰ መሆኑን ያስታውሱ። አዲሱ ፊት አምስት መስኮት በእኩል ርቀት ይፈልጋል፤ ከጀርባው ያለው አሮጌ ቤት ግን በዚያ ልክ አልተከፋፈለም። አንደኛው መስኮት የምድጃው ጭስ ማውጫ ወይም ሁለት ክፍሎች የሚለያዩበት ግድግዳ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ግንበኛው ደፉን፣ መቃኑንና ጉበኑን በሥርዓት ሠርቶ መስታወት በሚገባበት ቦታ ድንጋይ ያገባበታል። ይህ መስኮት አልተደፈነም፤ ሲፈጠርም ዕውር ነበር።

ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ድንጋይ ከዙሪያው ጋር አንድ ዓይነት ቀለምና አንድ ዓይነት አጠራረብ ካለው፣ ረድፉም ከግራና ከቀኝ ካለው ግድግዳ ረድፍ ጋር ከገጠመ ከመጀመሪያው እንዲሁ የተሠራ ነው። ረድፉ ካልገጠመ፣ ድንጋዩ ሌላ ወይም ጡብ ከሆነ፣ በዳርና በዳሩም ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ የመለያያ መስመር ከታየ ግን በኋላ ተደፍኗል፤ ያን ጊዜ የመንገደኛው ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል። አሮጌው ቤትና አዲሱ ፊት አለመስማማታቸው በሌላም ይታወቃል። አመሻሽ ላይ መብራት ሲበራ ከመንገድ ቢመለከቱ፣ አልፎ አልፎ የፎቁ ወለል በመስኮቱ አጋማሽ ሲያልፍ ያያሉ።

ፊቱ መቼ እንደተሠራ ለመገመትም መስኮቱ ይረዳል። በመስታወቶቹ መሀል ያለው የእንጨት ዘንግ ወፍራም ከሆነ ወደ ክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ፣ እንደ ጣት ቀጭን ከሆነ ወደ መጨረሻው ይጠጋል። ጥቂት ሰፋፊ መስታወቶች ብቻ ያሉት፣ የላይኛው ተንሸራታች ክፈፍ ከታች በኩል ትናንሽ ቀንድ መሳይ እንጨቶች ያበቀለ መስኮት ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተተካ ነው፤ ከባዱ መስታወት መጋጠሚያውን እንዳያላቅቀው የተጨመረ ማጠናከሪያ ነው። 

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ ከእንጨቱ ቤትም የሚያረጅ ምድር ቤት አላቸው። እኔ ራሴ በአንደኛው ጎንበስ ብዬ ስወርድ ያገኘሁት የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ የሆነ፣ በድንጋይ የጎድን አጥንቶች የተያዘ ቅስት ጣሪያ ነበር፤ ከሥሩ የቢራ በርሜልና የተሰበሩ ወንበሮች ተከምረዋል። ስለዚህ የእርስዎ ቤት ከፊቱ ሲታይ ሦስት መቶ ዓመት ያልሞላው፣ ከጓሮው አራትና አምስት መቶ ዓመት የሆነው፣ ከሥሩ ደግሞ ሰባት መቶ ያለፈው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ

«በአዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ። የስታምፎርድን ቤቶች በፎቶግራፍ ስመለከት የብዙዎቹ ጣሪያ ከድንጋይ መሆኑን አስተዋልሁ፤ ከታች ያሉት ድንጋዮች ሰፋፊ ሲሆኑ ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ይህ ለውበት ነው? በተጨማሪም ሌሎች ከተሞች አሮጌውን አፍርሰው ሲያድጉ ይህች ለምን ሳትለወጥ ቀረች?» ተማሪ ዮ.

መልስ

ጣሪያው የኮሊዌስተን ስሌት (slate፣ በስሱ እየተሰነጠቀ ለጣሪያ የሚውል የድንጋይ ዓይነት) ይባላል፤ ኮሊዌስተን ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ በቅርብ ርቀት ያለች መንደር ናት። ስሌት ይባል እንጂ በትክክል ሲታይ ስሌት አይደለም፤ አሸዋ የበዛበትና በስስ በስሱ የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ ነው። አወጣጡ ከሁሉም የሚገርም ነው። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ድንጋዩን ከመሬት ሥር በትልልቁ ያወጡና በክረምት፣ ማለትም በአገሩ የብርድ ወራት፣ ሜዳ ላይ ዘርግተው ውሃ እያጠጡ እርጥብ አድርገው ያቆዩታል። ወደ ውስጥ የገባው ውሃ ሌሊት ሲበርድ ወደ በረዶ ይለወጣል፤ በረዶ ደግሞ ከውሃ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ድንጋዩን በተፈጥሮ ንጣፉ ላይ ይከፍተዋል። ከዚያ ሠራተኛው በመዶሻ ሲመታው እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። ክረምቱ ሞቃት ከሆነ ሥራ የለም። ሥራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተዳክሞ ከቆመ በኋላ በቅርብ ዓመታት እንደገና የጀመረው፣ ውርጩ በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ በሰው ሠራሽ መንገድ እንዲመጣ ከተደረገ ወዲህ ነው።

የመጠኑ መለያየት ውበት አለው፤ መነሻው ግን ብልሃት ነው። በረዶ የከፈለው ድንጋይ እኩል ሆኖ አይወጣም፤ ትልቁም ትንሹም ጥቅም ላይ እንዲውል በመጠን ተለይቶ ይደረደራል። የዝናቡ ውሃ ከአናት እየተጠራቀመ ወደ ክፈፉ ስለሚወርድ፣ ውሃ በሚበዛበት በታች በኩል ሰፊ ድንጋይ ማድረግ መጋጠሚያውን ይቀንሳል። ከባዱ ክፍልም በግድግዳው አጠገብ ስለሚውል የወራጁ መሀል ከጭነት ይድናል። እያንዳንዱ ድንጋይ በአናቱ ላይ ተበስቶ በእንጨት ችንካር፣ በኋላ ዘመን በምስማር፣ በማገሩ ላይ ይንጠለጠላል። ድንጋዮቹ ሸካራ ስለሆኑ ውሃው ፈጥኖ ካልወረደ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ጣሪያው እጅግ ቁልቁል የሆነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የጆርጅያን ፋሽን ከአሮጌው ጣሪያ ጋር ተጋጨ። አዲሱ ስልት ጣሪያ እንዲታይ አይወድም፤ ቁልቁሉን ጣሪያ ደግሞ ዝቅ ማድረግ አይቻልም። መፍትሔው ፊቱን ከክፈፉ በላይ ከፍ አድርጎ ገንብቶ ጣሪያውን ከኋላው መደበቅ ነበር። ውጤቱ ከመንገድ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ግንብ ጀርባ የተዘረጋው የእርሳስ አሸንዳ በቅጠል ሲዘጋ ውሃው የሚሄደው ወደ ቤቱ ነው። የእነዚህ ቤቶች የመጀመሪያ ሕመም ዛሬም ከዚያ ይነሳል፤ አንድ አርክቴክት ለመልክ ብሎ የውሃን መንገድ ሲያጥፍ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ የሚከፈል ዕዳ እንደሚተው ለተማሪ ጥሩ ማሳያ ይመስለናል።

ከተማዋ ለምን ሳትለወጥ ቀረች ለሚለው፣ መልሱ ባጭሩ ሀብቷ በትክክለኛው ጊዜ መቆሙ ነው። በ1852 የተከፈተው ወደ ሰሜን የሚወስደው ዋናው የባቡር መስመር በፒተርቦሮ በኩል አልፎ ስታምፎርድን ወደ ጎን ተዋት። የሠረገላው ንግድ ጠፋ፤ ፒተርቦሮ በጡብ ቤትና በፋብሪካ ስትስፋፋ ስታምፎርድ በጆርጅያን ልብሷ ቆማ ቀረች። የአካባቢው ታላቅ መስፍን የኤክሰተር ማርኪስ ባቡሩን አላስገባም ብሎ ከልክሏል የሚባለውን ብዙ ሰው ይደግመዋል፤ ሆኖም በ1856 ከተማዋን ከዋናው መስመር ጋር ያገናኘውን ትንሽ ባቡር የደገፈው እርሱ ራሱ ስለሆነ፣ ወሬውን እንዳለ መቀበል ያስቸግራል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳምነው የመሬቱ ጉዳይ ነው። በሰሜን በኩል ከተማዋን የከበበው የጋራ እርሻ እስከ 1875 ድረስ ተከፋፍሎ ለግል ባለመብት አልተላለፈም ነበርና አዲስ ሰፈር የሚቆረቆርበት ቦታ አልነበረም። በ1960 አውራ ጎዳናው ራሱ ከከተማው ውጪ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1967 ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ የመጀመሪያው የቅርስ ጥበቃ ክልል ሆኖ የተከለለው የስታምፎርድ መሀል ነው። ዛሬ በሕግ የተመዘገቡት ሕንፃዎቿ ከ600 በላይ ናቸው።

ጥያቄ

«ቤተሰባችን በሊንከንሻየር በአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። የውጭው ድንጋይ እየተላጠ ነው፤ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። በድንጋዮቹ መሀል ያለው ግራጫ ስሚንቶ ግን ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም ገጥጦ ወጥቷል። በውስጥ በኩል እርጥበቱ ልብሳችንን እያሻገተው ነው። አከራያችን ‹ውሃ የማያስገባ ቀለም አስቀባዋለሁ› ይለናል። ይጠቅም ይሆን?» አቶ መ.

መልስ

አይጠቅምም፤ ይባስ ይጎዳል። ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚወፍረው ይህ ግድግዳ እንደ ዘመኑ ቤት በመሀሉ ክፍተት የለውም። ውሃን የሚከላከለው አላስገባም በማለት ሳይሆን፣ ዝናብ ሲመታው ጥቂት ጠጥቶ ፀሐይና ነፋስ ሲመጣ መልሶ በመትፋት ነው። የሚተፋውም በአብዛኛው በድንጋዮቹ መሀል ባለው ኖራ በኩል ነው፤ ኖራው ከድንጋዩ የለሰለሰ ስለሆነ ጉዳቱን ተቀብሎ ቀስ እያለ ይበላል፣ በየዘመኑም ይታደሳል። የጎንደርን ግንቦች ድንጋይ ይዞ የኖረውም ይኸው ኖራ ነው። እናንተ ቤት ላይ አንድ ሰው ኖራውን አውጥቶ በስሚንቶ ተክቶታል። ስሚንቶው ውሃውን ስለማያሳልፈው ውሃው በድንጋዩ ገጽ በኩል መውጣት ግድ ሆነበት፤ ይዞት የሚወጣው ጨውና የክረምቱ ውርጭም ገጹን ይላጡታል። ደካማው ክፍል መሆን የነበረበት ማያያዣው ሆኖ ሳለ ድንጋዩ ደካማ ሆነ። ከላይ ቀለም ከተጨመረበት ውሃው የሚቀረው መውጫ የእናንተ መኝታ ቤት ብቻ ይሆናል።

መደረግ ያለበት ስሚንቶው ድንጋዩን ሳይጎዳ በእጅ መሣሪያ ተለቅሞ፣ ኖራ የለመደ ግንበኛ እንደገና እንዲሞላው ነው። ሥራው በውርጭ ወራት አይሠራም፤ በፀሐይም ቶሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ ይንጠለጠልበታል። ቤቱ የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ ያለ ፈቃድ መልኩን መለወጥ በእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ስለሆነ፣ አከራያችሁ ቀለሙን ከመግዛቱ በፊት የአካባቢውን ምክር ቤት የቅርስ ባለሙያ ቢጠይቅ ለራሱም ይበጀዋል። እናንተም በራሳችሁ እጅ እንዳትነካኩት፣ ቅሬታችሁንም ከፎቶግራፍ ጋር በጽሑፍ እንድታቀርቡ እንመክራለን። ከዚያ በፊት ግን ምንም ወጪ የሌለው ሥራ አለ። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና አሸንዳውን ተመልከቱ፤ ውሃው በአሸንዳው መሄዱን ትቶ በግድግዳው ላይ የሚወርድበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት፤ በውስጥ በኩል ልብሱ የሚሻግትበት ጥግ ከዚያው ትይዩ ከሆነ፣ ከግንበኛው በፊት የሚጠራው መሰላል ያለው አሸንዳ ጠራጊ ነው።